ሁሉም ያነበበው፣ ለእናቴ ያልተነገረው ፍርድ

ለተከበሩ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣
ቢሮ ካሉ አሁኑኑ፣ ከሌሉም በሚመለሱበት ሰዓት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ ከልብ እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ እናቴ ባለፉት ወራት ወደ ቢሮዎ ከተመላለሰችባቸው አሥራ አራት ቀናት በስድስቱ «ኃላፊው አሟቸው አልገቡም» የሚል መልስ ስለተሰጣት፣ በእኛ ቤት የእርስዎ ጤና ከራሳችን ጤና ባልተናነሰ ሲታሰብ ከርሟል። በቀሩት ስምንት ቀናት ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባውም በሰላም እንዳለቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔን አያውቁኝም። ከመስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ለፊት ባለው፣ አንድ እግሩ በካርቶን በተደገፈው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከአንዲት ሴት አጠገብ አቀርቅራ ስልክ የምታይ ልጅ አይተው እንደሆነ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት አቁሜያለሁ፤ ሰው ፊት ስቆም ደግሞ ድምፄ ይጠፋል። ባለፈው ረቡዕ አንድ ትልቅ ነገር ልናገር ከመስኮቱ ፊት ቆሜ አፌ ተሳስሮ ስቀር፣ የመስኮቱ ባለሙያ እናቴን «ዲዳ ነች እንዴ?» ብለው ጠየቋት፤ እናቴም «ኧረ አይደለችም፣ ቤት ስትገባ ነው የምታስቸግረው» አለቻቸው። እነሆ ቤት ገብቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በዚህ የሕግ ጦማር ላይ ያወጣሁት እርስዎን በአደባባይ ለማሳጣት አስቤ እንዳይመስልዎ። በመዝገብ ቤቱ በኩል ያስገባናቸው ሦስት ማመልከቻዎች እንዳልደረሱዎት ተነግሮናል፤ ጦማሩን ግን ጠዋት ጠዋት ከሻይዎ ጋር ሳያነቡ እንደማይውሉ የበሩ ጥበቃ አጫውተውናል። እኔም ደብዳቤዬ ከሻይዎ ጎን ቦታ እንዲያገኝ ብዬ ጦማሪውን ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱልኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በአንዲት ሴትዮ ስፌት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሴትዮዋ እርጅና ተጭኗቸው ሱቁን ሲዘጉ በእግር ከሚረገጡት የስፌት መኪናዎች አንዷን «እጅሽ ለምዷታል፣ ውሰጃት» ብለው ሰጧት። ሴትዮዋ ባረፉ በዓመቱ ልጃቸው መጥቶ «የእናቴ ናት፣ በውሰት ነው የሰጠቻት» ብሎ ከሰሰ። መኪናዋም ክርክሩ እስኪያልቅ በማስረጃነት ተይዛ በእርስዎ ግቢ ወዳለው የኤግዚቢት ክፍል ገባች። ይኸው ሦስት ዓመቷ። እርስዎ ያሉበት የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለልጁ ፈረደ፤ እናቴ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለች፤ እስከዚያው በእጅ መርፌ ትሰፋለች፣ እኔም ትምህርቴን ትቼ ከአጠገቧ ጠርዝ እዘመዝማለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። እንዳይምታታብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቴ አመሰግንዎታለሁ።

በመተላለፊያዎ ላይ «ዝምታ ይከበር» እና «ስልክዎን ያጥፉ» ከሚሉት ሁለት ማስታወቂያዎች በቀር የሚነበብ ነገር የለም። አጠገባችን የሚቀመጡት ወጣት ጠበቆች ግን ሁለተኛውን ማስታወቂያ ችላ ብለው፣ «ጦማሩ ላይ ወጣ እንዴ?» እየተባባሉ ስልካቸውን ሲያዩ እኔም ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቃላቱ አልገቡኝም። አመልካች፣ ተጠሪ፣ ይርጋ፣ ጣልቃ ገብ የሚሉትን በደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ እየጻፍኩ ቀስ በቀስ ለመድኳቸው፤ እኩዮቼ ተከታታይ ድራማ እንደሚጠብቁት እኔ አዲስ ውሳኔ የምጠብቅ ሆንኩ። እናቴ ዓይኗን ለመርፌው ስለምትቆጥበው ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ሕግ አልተማረችም፤ ነገር ግን ፍርዱ ላይ ሳልደርስ ራሷ ትፈርዳለች። ተከራይ ለማስወጣት በር የነቀለው አከራይ ጉዳይ ላይ «ይሄ ሰውዬማ ዓይን አውጣ ነው፤ በሩን ነቅሎ ሲያበቃ ቤቱ ክፍት ነበር ይላል!» አለች። ቅርንጫፉ አጥር ስለተሻገረው ዛፍ ደግሞ «ጥላው ከተሻገረ ፍሬውም ተሻግሯል፣ ይብሉበት፣ ምን ያጨቃጭቃቸዋል?» አለች። ከአሥር ጉዳዮች በስምንቱ ከዳኞቹ ጋር ትስማማለች፤ በሁለቱ ዳኞቹ ተሳስተዋል።

እርስዎ ጉዳያችንን በአንድ ቀጠሮ ቢጨርሱልን ኖሮ ይህን ሁሉ እውቀት ከየት እናመጣው ነበር?

ሁለተኛ፣ ስለ አንድ እሑድ ከሰዓት አመሰግንዎታለሁ።

ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። አዲስ ውሳኔ ስላልነበረ የቆዩትን ወደ ኋላ እየፈለግሁ ሳለ «የሚንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ፦ በእጅ መስጠት ብቻውን ይበቃል» የሚል ርዕስ አገኘሁና ማንበብ ጀመርኩ። ጦማሪው የተከራካሪዎችን ስም አይጽፉም፤ አመልካች አንድ ዕቃ ተሰጥቶኛል ትላለች፣ ተጠሪው በውሰት ነው ይላል። እናቴ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታዳምጥ ቆየችና «እቺ ሴትዮ እውነት አላት። ሰው ከልቡ ሲሰጥ ወረቀት ይጽፋል እንዴ? ደግሞ ጠበቃ እንኳን የላትም፣ ስታሳዝን!» አለች። እኔም «ቆይ እማ፣ አልጨረስኩም» ብዬ ቀጠልኩ። ዳኞቹ የሚንቀሳቀስን ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው፣ ሌላ ነገር እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል አሉ፤ ሰጪዋ ዕቃውን በእጃቸው ስላስረከቡ ስጦታው ተፈጽሟል፣ ለአመልካች ይመለስ ብለው ፈረዱ። እናቴ «እሰይ! አንጀቴን አራሱት፤ እግዜር ይስጣቸው» ብላ ሦስቱንም ዳኞች መረቀቻቸው።

ከዚያ የዕቃውን መግለጫ አነበብኩ፦ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ በእንጨት ገበታው ቀኝ ጠርዝ ላይ የካውያ ቃጠሎ ያለበት።

ያ ቃጠሎ የእኔ ነው፣ ክቡር ሆይ። ሰባት ዓመቴ ሳለ የጋለ ካውያ አስቀምጬበት ወደ ጨዋታዬ ወጥቻለሁ፤ የተቆነጠጥኩትንም ቁንጥጫ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለችና፣ ቀስ ብላ፣ «ሴትዮዋ እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉትን እሰማ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ባዳ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እናቴ ለራሷ ሳታውቅ አዘነች፤ ለራሷ ሳታውቅ ፈረደች። ፍርዱ ከተሰጠ ያን ዕለት አራት ወር ተኩል አልፎታል፤ በእነዚያ አራት ወር ተኩል ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ወደ መስኮት ቁጥር ሦስት ሄዳ ዘጠኝ ጊዜ «ገና አልተፈረደም» ተብላለች። ይህን የመሰለ እሑድ ለማንም አይገጥምም። አገልግሎትዎ ፈጣን ቢሆን ኖሮ እናቴ ወረቀቷን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር እንጂ፣ እንደ ባዕድ ሰው ተቀምጣ ራሷን የማድነቅ ዕድል አታገኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ አስተያየትዎ አመሰግንዎታለሁ።

ከዚያ ጽሑፍ ሥር ስልሳ አንድ አስተያየት አለ፤ አንድም ሳላስቀር አንብቤዋለሁ። ሁለት ጠበቆች መኪናዋና የቆመችበት ገበታ አንድ ዕቃ ናቸው ወይስ ሁለት በሚል በአሥራ ዘጠኝ አስተያየት ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያይተዋል። አንድ መምህር ለተማሪዎቻቸው የፈተና ጥያቄ አድርገውታል፤ ተማሪዎቹም «በጣም ከባድ ነበር» ብለው አማርረዋል። እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ለአመልካቿ የጻፈ አላገኘሁም፤ አመልካች የምትባል ሰው በሕይወት ትኖራለች ብሎ የጠረጠረም ያለ አልመሰለኝም።

ሠላሳ አራተኛው አስተያየት ግን በሙሉ ስምዎና በሥራ መደብዎ የተጻፈ ነው፦ «ግሩም ትንታኔ! መዝገብ ቤታችን እንዲህ ላለ ታሪካዊ ውሳኔ የበኩሉን በማበርከቱ ኩራት ይሰማናል።»

ቀኑን ከእናቴ የቀጠሮ ካርድ ጋር አመሳከርኩት። ማክሰኞ ነበር። እናቴ ያን ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። በእሷ ወንበርና በእርስዎ ቢሮ መካከል ያለው አንድ በር ነው፤ በሩም ከወገቡ በላይ መስታወት ነው። እንዲያ ያለ ኩራት በዚያች ርቀት ላይ ሲሰማዎት ሙቀቱ እንኳ ለእናቴ አለመድረሱ የመስታወቱን ጥራት ይመሰክራል። አስተያየትዎን አሥራ ሁለት ሰዎች ወደውታል፤ አሥራ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ ይህ ቁጥር ስለ መስኮቱ ባለሙያ የምሳ ሰዓት ነበር። እናቴ «የሰው ምሳ አይቆጠርም፣ ነውር ነው» ብላ አስጠፍታኛለች። ቁጥሩን ግን አልመለስኩላትም።

አምስተኛ፣ እናቴን ስላንሸራሸሩልኝ አመሰግንዎታለሁ። ቁጭ ብሎ መስፋት ወገብ ያሳምማል፤ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ያህል የምትራመድበት ምክንያት አይኖራትም ነበር።

ውሳኔውን በአሥራ አንድ ገጽ አሳትመን ስንመጣ የመስኮት ቁጥር ሦስት ባለሙያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይሄማ የኢንተርኔት ወሬ ነው፤ ፍርድ የሚባለው መዝገቡ ሲገኝ ነው» አሉን። መዝገቡ ተፈለገ፣ ከመደርደሪያው የለም። ከበላይ ፍርድ ቤት አልተመለሰ ይሆናል ተብለን ወደዚያ ሄድን፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ትልቅ ደብተር ገልጠው፣ መዝገቡን ተረክቦ የፈረመውን የእርስዎን ቢሮ ፊርማ በጣታቸው አሳዩን። ተመልሰን ወደ ኤግዚቢት ክፍል ወረድን። የክፍሉ ጠባቂ ደግ ሰው ናቸው፤ «እናት፣ መኪናሽን አውቃታለሁ፣ አቧራዋን በየሳምንቱ እጠርግላታለሁ፤ ያለ ማዘዣ ግን ክሯንም አልነካ» አሉ። ማዘዣ ወደሚጻፍበት ክፍል ወጣን፤ ማዘዣ የሚጻፈው መዝገቡ ታይቶ ነው። መዝገቡን ወደሚያሳየው መስኮት ሄድን፤ ቁጥሩ ሦስት ነው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእኛ ላም ግን ሰማይ ላይ አይደለችም፤ ምድር ቤት ናት፣ በመስኮት ትታያለች። እናቴ በመጣች ቁጥር ሳትሰናበታት አትሄድም፤ ሁለት መዳፎቿን ከግንባሯ አጋድማ በመስታወቱ አሻግራ ታያታለች። ባለፈው «ሥራ ፈትታ ወፍራለች» ብላኝ ሳቅን። ደረጃውን ስንወጣ ግን አልሳቀችም።

ስድስተኛ፣ ስለ ብስክሌቱ። በዚህኛው ላይ ምስጋናው በቀላሉ አልመጣልኝም።

ባለፈው ወር ጦማሩ ላይ ስለ አንድ የዳቦ አመላላሽ ብስክሌት ውሳኔ ወጥቶ ነበር። ሰውዬው ብስክሌቱ በኤግዚቢት ተይዞበት ተከራክሮ አሸነፈ፤ ማሸነፉን ግን የነገረው አልነበረም። ሲሰማ ሮጦ ሄደ፤ ውሳኔው ከተሰጠ ስድስት ወር ከአንድ ቀን ሆኖ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ባለቤቱ ያልወሰደው ኤግዚቢት በሐራጅ እንዲሸጥ ደንቡ ስለሚያዝ ብስክሌቱ ለሐራጅ ተላልፏል። አቤት ቢል፣ ውሳኔው በግልጽ ችሎት ስለተነበበ አላወቅሁም ማለት አይቻልም ተባለ። ይህን ሳነብላት እናቴ አልፈረደችም። «ስንት ቀን ቀረን?» ብቻ አለች።

ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል።

እናቴ ድሮ ጨለማ ውስጥ መርፌ ላይ ክር ታስገባ ነበር ይባላል፤ ዛሬ በቀን ብርሃን መርፌውንና ክሩን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔም እንዳላወቅኩ ሆኜ አስገባላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥቁር ቀሚስ በሰማያዊ ክር ዘምዝማ አስረከበች፤ ደንበኛዋ ይዛው ስትመለስ «ፋሽኑ ነው» ብላ ቀለደችና ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብላ ተረተረችው። ከእኔ ጋር የገባችው አንድ ውል አላት፤ «መኪናዋ የገባች ቀን አንቺ ትወጫለሽ» ትለኛለች። ወደ ዘጠነኛ ክፍል ማለቷ ነው። መኪናዋ ከተሸጠች ሁለታችንም ቤት ነን።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አዲስ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ አለ፣ ስልሳ አንድ አስተያየት ተጽፎበታል፣ ተማሪዎች ተፈትነውበታል፣ እርስዎም ኮርተውበታል። የምለምነው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ በኋላ ተራው ለአመልካቿም እንዲደርስ፣ በአሥራ አንዱ ቀናት ውስጥ ባልታመሙበትና ባልተሰበሰቡበት በአንዱ ቀን፣ ከወንበርዎ ተነሥተው ምድር ቤት ድረስ እንዲወርዱልን ብቻ ነው። ደረጃው አሥራ ሰባት ነው። እናቴ ቆጥራዋለች።

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር፣ ሻይዎ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሳይጨርሱ እንዳይቀዘቅዝ እየተመኘሁ፣ ለቢሮዎ፣ ለመስታወት በሩና ለአግዳሚው ወንበር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ትሑት አንባቢዎ፣
የአመልካች ልጅ፣
በውሳኔው ገጽ አራት ላይ የተጠቀሰው የካውያ ቃጠሎ ባለቤት

ማስታወሻ፦ መዝገቡ የት እንዳለ አውቃለሁ። ጦማሪው እንደነገሩኝ፣ ከጽሑፋቸው ጋር የለጠፉትን የውሳኔውን ገጾች ፎቶ ያነሱት መዝገቡ ከበላይ ፍርድ ቤት በተመለሰበት ዕለት በእርስዎ ቢሮ ነው። በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ከማኅተሙ ሥር፣ አንድ ጠንቃቃ የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከኤግዚቢቱ እንዳይለያይ በመኪናው ግራ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል» ብሎ ጽፎ ፈርሟል። እኛ ያሳተምነው ላይ ጽሑፉ ደብዝዞ አይታይም፤ ስልክ ላይ አጉልቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ለሚያነብ ግን ይታያል። ባለፈው ረቡዕ ከመስኮቱ ፊት ቆሜ ድምፄ የጠፋው ይህን ልናገር ስል ነበር። በኋላ እናቴ ለኤግዚቢት ክፍሉ ጠባቂ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም መሳቢያ ለመክፈት ማዘዣ ያስፈልጋል አሉ። ማዘዣው ከመዝገቡ ይጻፋል፤ መዝገቡ መሳቢያው ውስጥ ነው። ያለ ማዘዣ ሊከፍቱት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲከፍቱት ትንሽ ወደ ላይ አንሥተው ይሳቡት፣ አለዚያ ይነክሳል። ከመዝገቡ ሥር እናቴ ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ ሦስት ዓመት በእጅዎ ስለቆየች የእርስዎ ናት ተብሎ እንዳይገመት ተቃውሞዬን ከወዲሁ አስመዘግባለሁ።